ኤፍኤምን የሰጠን ሰው በክርክር የጨረሰው ዕድሜ

ከሐረር ተነስቶ በባቢሌ በኩል ወደ ጅግጅጋ የሚጓዝ ሰው የካራማራን ተራራ ሲሻገር የመኪናው ሬዲዮ በድንገት ይነቃል፡፡ ከተራራው ወዲህ ሲንሾካሾክ የቆየው የጅግጅጋ ጣቢያ ከተራራው ማዶ አጠገብ እንደተቀመጠ ሰው ያወራል፡፡ ኤፍኤም ተራራ አይወድም፡፡ በደረሰበት ቦታ ግን ጥራቱን የሚያህል አልነበረም፡፡ ይህንን ጥራት ያገኘነው ከአሜሪካዊው ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ነው፡፡ መሐንዲስ ያልሆንኩትን እኔን ወደ ሰውየው ታሪክ የሳበኝ የፍርድ ቤት መዝገቡ ነው፡፡ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

አርምስትሮንግ በ1890 ኒው ዮርክ ውስጥ ተወለደ፡፡ በልጅነቱ የያዘው ሕመም አንገቱንና ትከሻውን የሚያስነጥረው ልማድ ትቶበት አለፈ፡፡ ወጣት ሳለ በወላጆቹ ግቢ ከ35 ሜትር በላይ የሚረዝም የአንቴና ምሰሶ ተክሎ ራሱ ይወጣበት ነበር፡፡ በ1912፣ ገና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ፣ ደካማውን የሬዲዮ ምልክት ደጋግሞ ወደ ቫኩም ቱቦው በመመለስ የሚያጎላ ሰርኪት ሠራ፡፡ በ1918 ደግሞ ለጦርነት በዘመተበት በፈረንሳይ አገር ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን የመቀበያ ዘዴ ፈለሰፈ፡፡ አባቶቻችን በየሱቁ በረንዳ ከበው ያዳመጡት ሬዲዮ ሁሉ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነበር፡፡

ቱቦውን የሠራው ሊ ዲ ፎረስት ግን የመጀመሪያው ሰርኪት የእኔ ነው ብሎ ተነሳ፡፡ ክርክሩ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ፡፡ በ1928 እና በ1934 ከአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ለዲ ፎረስት ተፈረደ፡፡ አርምስትሮንግ የሬዲዮ መሐንዲሶች ተቋም ለዚሁ ሥራው የሸለመውን ሜዳሊያ ሊመልስ ሲያቀርብ መሐንዲሶቹ አንቀበልም አሉት፡፡ ሕግ ለተማረ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር ይግባኝ የለም፡፡

የኤፍኤም ሐሳብ የተነሳው ከጩኸት ነው፡፡ መብረቅና ሞተር የሚያመጡት ንዝረት በሞገዱ ከፍታ ላይ ይሳፈራል፡፡ አርምስትሮንግ ከፍታውን ትቶ ድምፁን በሞገዱ ድግግሞሽ ላይ ጫነው፡፡ መቀበያው የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ጩኸቱ ከነጫፉ ይወድቃል፤ መልእክቱ እዚያ ስላልነበረ አይነካም፡፡

በጣቢያው በኩል ያለው ቆረጣ ግን እንዲህ ደግ አይደለም፡፡ ሞገዱ ከመሃሉ ወዲያና ወዲህ ከ75 ኪሎ ኸርዝ በላይ እንዳይወዛወዝ ተወስኗል፤ ካለፈ የጎረቤት ጣቢያ ወሰን ይገፋል፡፡ ስለዚህ ከማሰራጫው በፊት ሁለት ዘበኞች ይቆማሉ፡፡ ሊሚተሩ ድምፁ ሲያይል ፈጥኖ ዝቅ ያደርገውና መልሶ ይለቀዋል፡፡ ክሊፐሩ ያመለጠውን ጫፍ ቆርጦ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፡፡ ጥቂት ቢቆርጥ ጆሮ አያውቅበትም፡፡ ጣቢያው ከሌሎቹ በልጦ ለመሰማት ብሎ ክሊፐሩን ሲያስጨንቀው ግን ድምፁ ይሻክራል፡፡ በኤፍኤም ቀጫጭኑ ድምፅ ሆን ተብሎ ስለሚጎላ መጀመሪያ የሚጎዱት ሰ እና ሸ ናቸው፡፡ ጅግጅጋ ላይ ይህ ተራ ነገር አይደለም፡፡ የሶማሌ ግጥም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስንኝ በአንድ ድምፅ በሚጀምሩ ቃላት የሚያያዝ ነው፡፡ ያ ድምፅ ሰ ከሆነና ክሊፐሩ ካሻከረው አድማጩ የሚሰማው የብረት ፍግፍግ ነው፡፡ ክሊፐሩን ዝቅ አድርጎ ሥራውን ለሊሚተሩ መተው ይሻላል፤ ሊሚተሩም ድምፁ እንደ ወናፍ እንዳይነፋና እንዳይሟሽሽ ረጋ ብሎ ይልቀቅ፡፡ ጣቢያው በጥቂቱ ዝግ ይላል፡፡ ለነገሩ ማጉያው ቁልፍ አድማጩ እጅ ላይ ነው፡፡

አርምስትሮንግ የኤፍኤም ፓተንቶቹን ያገኘው በ1933 ነው፡፡ ትልቁ የሬዲዮ ኩባንያ አርሲኤ በ1940 1 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት፤ ሌሎች ኩባንያዎች ከሽያጫቸው ድርሻ እየከፈሉት ስለነበር እምቢ አለ፡፡ በ1945 የአሜሪካ መንግሥት ኤፍኤምን ዛሬ እኛም ወደምንጠቀምበት ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ አዛወረው፤ ሕዝቡ የገዛቸው የኤፍኤም ሬዲዮኖችም ከጥቅም ውጪ ሆኑ፡፡ በ1948 አርሲኤን ከሰሰ፡፡ የኩባንያው ጠበቆች መቸኮል አላስፈለጋቸውም፤ ዋናዎቹ ፓተንቶች በ1950 መጨረሻ ዘመናቸው አለቀ፡፡ በቀጠሮ ብዛት ባለመብት ሲያልቅ ለማየት አሜሪካ መሄድ አያሻንም፡፡

ገንዘቡ ተሟጠጠ፣ ትዳሩም ተናጋ፡፡ በጥር 1954 መጨረሻ በ63 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ፡፡ በዚያው ዓመት ባለቤቱ ማሪዮን ከአርሲኤ ጋር ታረቀች፤ የተከፈላት ባሏ ከ14 ዓመት በፊት አልቀበልም ያለው ያው 1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው፡፡ በሌሎቹ ኩባንያዎች ላይ የነበሩትን ክሶች ግን አልተወችም፡፡ የመጨረሻውን፣ በሞቶሮላ ላይ የቀረበውን፣ በ1967 ረታች፡፡