ፔደር ባልከ፤ የሰሜን ዳርቻ ሠዓሊ

ስለ አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት ጽፈን እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ ጓደኞቼ የጦር መሪዎችንና የሳይንስ ሊቃውንትን መረጡ። እኔ ግን በአንድ የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ያየሁት ገደል ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ጥቁር ገደል፣ የሚናወጥ ባሕር፣ አንዲት ትንሽ መርከብ፤ ከጥቁርና ከነጭ በቀር ሌላ ቀለም የለበትም ለማለት ይቻላል። ቦታው በኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ የሚገኘው ኖርድካፕ ነው፤ ሠዓሊውም ፔደር ባልከ ይባላል።

ባልከ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1804 ዓ.ም. ሄልጎያ በምትባል የሐይቅ ደሴት ከድሀ ቤተ ሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ የግድግዳና የቤት ዕቃ ቀለም መቀባት ተማረ። በቶተን አገር ያሉ ገበሬዎች ቤታቸውን ሲያስጌጥላቸው ችሎታውን አይተው ለትምህርቱ ገንዘብ ረዱት። ባልከ የሚለው ስም እንኳ በዚያ አገር የኖረበት የእርሻ ቦታ ስም ነው። ገበሬ ከጎተራው ቀንሶ ሠዓሊ ማስተማሩ እኔን እጅግ ያስደንቀኛል።

በ1829 ዓ.ም. ወደ ስቶክሆልም ሄዶ በሥዕል ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚህም በኋላ በ1832 ዓ.ም. በበጋ፣ ዕድሜው ገና 30 ሳይሞላ፣ በባሕር ተሳፍሮ ኖርድካፕን አልፎ እስከ ቫርዶ ድረስ ተጓዘ። በዚያ ወራት ወደዚያ የሚሄድ ሠዓሊ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቀንና ሌሊቱ እኩል ሊሆን ጥቂት ለሚቀረው ለእኛ አገር ሰው ነገሩ እንግዳ ነው፤ በዚያ ግን በበጋ ፀሐይ በእኩለ ሌሊት እንኳ አትጠልቅም። ባልከ በአንድ በጋ ያየውን ይህን አገር ከ40 ዓመት በላይ ሲሥለው ኖረ። ስቴቲንድ የተባለውን ተራራ በጉም ተሸፍኖ የሣለው በ1864 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከጉዞው 32 ዓመት አልፎ ነበር።

ይሁን እንጂ ሥዕሉ ገዢ አላገኘም። በ1840ዎቹ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ በዚያም ዕድል ፈገግ አለችለት። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ በወጣትነቱ፣ በ1795 ዓ.ም.፣ ስደተኛ ሆኖ ኖርድካፕን አይቶ ነበርና የባልከን ንድፎች ሲያይ ያ ዘመን ትዝ አለው፤ ትልልቅ ሥዕሎችም እንዲሠራለት አዘዘው። ነገር ግን በ1848 ዓ.ም. አብዮት ተነሣ፤ ንጉሡ ከዙፋኑ ወረደ፤ የታዘዘውም ሥራ ሳይፈጸም ቀረ። ንድፎቹ ግን አልጠፉም፤ ከነሱ 26ቱ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛሉ።

ባልከ በ1850 ዓ.ም. ገደማ ዛሬ ኦስሎ ወደምትባለው ወደ ክርስቲያንያ ከተማ ተመለሰ። ሥዕል ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር መተዳደሪያ እንዳልሆነው ባየ ጊዜ ፊቱን ወደ ሌላ ሥራ መለሰ። መሬት ገዝቶ ሠራተኞች ቤት የሚሠሩበት ሰፈር አቋቋመ፤ ሰፈሩም በስሙ ባልከቢ ተባለ። ሽማግሌዎች ጡረታ እንዲያገኙም ተሟገተ። ድህነትን በመጽሐፍ ሳይሆን በቤቱ የተማረ ሰው ነበርና ይህ አይገርምም። ባልከቢ በ1879 ዓ.ም. በእሳት ተቃጠለች።

በዚህ ሁሉ መካከል ማታ ማታም ይሁን በዕረፍት ሰዓት፣ ማንም ሳያዘው መሣሉን አልተወም። በነጭ በተለበጠ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ጥቁር ቀለም በሥሡ ይቀባና ሳይደርቅ በጣቱ፣ በሰፍነግና በደረቅ ብሩሽ ይጠርገዋል። ነጩ ከሥር ብቅ ሲል የማዕበል አረፋ ወይም ጉም ይሆናል። የቤት ቀቢነት ሙያው እዚህ ላይ የረዳው ይመስለኛል። የታላላቅ ትምህርት ቤት ሰዎች በጣት መሣልን ነውር ሳይሉት አይቀሩም ነበር፤ እኔ ግን ከትልልቆቹ ሥዕሎቹ ይልቅ እነዚህን እወዳለሁ።

በ1887 ዓ.ም. ሲሞት ሠዓሊነቱን የሚያስታውስ ጥቂት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ሥራዎቹ ለብቻቸው ለሕዝብ ታዩ። ያው ቤተ መዘክር ማዕበል የተሰኘች አንዲት ሥዕል አለችው፤ ቁመቷ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዷ 16 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህን ልክ በማስመሪያ ለክቼ በደብተሬ ላይ ባሰምረው ከገጹ ግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ መርከቦቹና ባሕሩ ሁሉ በዚያች ውስጥ ናቸው።