ስደተኛው አባታችን አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምናስበው የአባታችንን የቅዱስ ፍሬምናጦስን ሕይወት ነው። የምንነሣው ግን ከራሳችን ጥፋት ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እኅታችን መታመሟን በማኅበራችን የስልክ ቡድን ላይ ጻፈች። ብዙዎቻችን አየነው። እግዚአብሔር ይማርሽ ብለን ጻፍን፤ የጸሎት እጅ ምልክትም ላክን። ሦስት ቀን ሙሉ ግን በሯን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። የምትኖረው እዚሁ ነሲም ውስጥ፣ ለብዙዎቻችን በእግር በሚደረስበት ቦታ ነው። በአራተኛው ቀን አንድ ወንድማችን ሲደውልላት፣ ከውኃ በቀር የቀመሰችው ነገር እንደሌለ ነገረችው። እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ ድናለች። ጨክነንባት አልነበረም፤ እያንዳንዳችን ሌላው ሄዷል ብለን ነው። ታዲያ ሰውን ለሰው እንዲደርስ የሚያደርገው ምንድን ነው? የሚያስቀረውስ?

በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት ሕፃናት ዘመዶቹን ይዞ በባሕር ተጓዘ። ሲመለሱ ውኃና ስንቅ ሊይዙ በቀይ ባሕር አንድ ወደብ ቆሙ። በዚያ ወቅት የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና በመርከቡ የነበሩትን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱ ሕፃናት ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። ሰይፍ የያዙት ሰዎች አይተው ራሩላቸው፤ ወደ ንጉሣቸውም ወሰዷቸው። ልብ እንበል፤ መርከቡን ሲያዩ የታያቸው ጠላት ነበር፤ ከዛፉ ሥር የታያቸው ግን ሁለት ልጆች ናቸው። ርኅራኄ የሚጀምረው ሕዝብን ሳይሆን አንድን ሰው ስናይ ነው።

በአክሱም ቤተ መንግሥት ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ ደግሞ የንጉሡ ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ ሆኑ። ንጉሡ ሊሞት ሲል ነጻ አወጣቸው። ወደ አገራቸው የሚወስደው መንገድ ተከፈተ። ከሰው አገር የመውጫ ፈቃድ ማግኘት ምን ያህል ደስታ እንደሆነ እኛ እናውቀዋለን። ነገር ግን ንግሥቲቱ ሕፃን ልጅ ይዛ ቀርታ ነበርና ልጇ እስኪያድግ የመንግሥቱን ሸክም እንዲያግዟት እነዚህን ሁለቱን፣ ይልቁንም ፍሬምናጦስን ለመነች። እነርሱም ቀሩ። እኛ እንደሚመስለን፣ በልጅነታቸው አሳዳጊ ያጡ ሰዎች ያንን ሕፃን ጥለው ለመሄድ ልባቸው አልቻለም። የተራራለት ሰው መራራትን ያውቃል።

ፍሬምናጦስ ሥልጣን በእጃቸው በገባ ጊዜ ስደተኝነታቸውን አልረሱም። ወደ አክሱም የሚመጡትን ክርስቲያን የሮም ነጋዴዎች ፈልገው አገኟቸው፤ የሚጸልዩበትን ቦታ እንዲያዘጋጁ አበረቷቸው፤ የሚያስፈልገውንም ሰጧቸው። በአገራችን የክርስቲያኖች የጸሎት ቤት ታሪክ ከስደተኞች ጸሎት ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ በየክፍላችን በስልክ ቅዳሴ የምንሰማ እኛ ልናስታውሰው ይገባል።

ሕፃኑ አደገ፤ እርሱም ኢዛና ነው። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ መንግሥቱን አስረከቡ። ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ቅስና ተቀበለ፤ ይህንን ታሪክም ለጸሐፊው ለሩፊኖስ የነገረው እርሱ ነው። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዱ። ቅዱስ አትናቴዎስን፣ በዚያ አገር ምእመናን አሉና ለእነርሱ የሚሆን ጳጳስ ፈልገው ይላኩ ብለው ለመኑ። አትናቴዎስም ከእርስዎ የተሻለ ማን ይገኛል ብለው እርሳቸውኑ ሾሙና መለሷቸው። ሌላ ሰው እንዲላክ የለመኑት አባት ራሳቸው ተላኩ፤ እርሳቸውም እሺ አሉ።

በተመለሱ ጊዜ ሕዝቡን አስተማሩ፣ አጠመቁ፣ ካህናትን ሾሙ። በኢዛና ገንዘብ ላይ ጨረቃው ቀርቶ መስቀል ተቀረጸ። የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ ፍሬምናጦስ ወደ ግብፅ ተልከው እንዲመረመሩ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ቢጽፍም፣ አባታችን በመንበራቸው ጸኑ። ሕዝቡም አባ ሰላማ፣ ከሳቴ ብርሃን ብሎ ጠራቸው። ስንክሳራችን ሐምሌ 26 ቀን ያስባቸዋል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በ1968 እ.ኤ.አ. ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት በኒው ዮርክ ባደረጉት ሙከራ፣ የታመመ ሰው ድምፅ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካሰቡት ከ100 ሰዎች 85ቱ ያህል ለእርዳታ ተነሡ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካሰቡት ግን የተነሡት 31 ያህል ብቻ ናቸው። የእኛም ነገር ይኸው ነው፤ ብዙ ሆነን ስናይ ኃላፊነቱ ተከፋፍሎ ይጠፋል። በ1973 ደግሞ ያው ዳርሊ ከዳንኤል ባትሰን ጋር የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ፈተነ። በመንገዳቸው ላይ የወደቀ ሰው አስቀመጡላቸው። ዘግይታችኋል ከተባሉት ከ100 አሥሩ ያህል ብቻ ቆሙ፤ ካልቸኮሉት ግን 63ቱ። አንዳንዶቹ ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብኩ የሚሄዱ ነበሩ፤ ይህ እንኳ ብዙ ለውጥ አላመጣም። ቸርነትን ማወቅና ለቸርነት መቆም ይለያያሉ።

ንግሥቲቱ አደባባዩን ሁሉ አልጠራችም፤ ሁለት ሰዎችን ለይታ ለመነች። ስለዚህ ከእንግዲህ የታመመ፣ ከሥራ የተባረረ ወይም ኢቃማው የተቃጠለበት ወገን ሲኖር ለሁሉም ብቻ አንጻፍ፤ ለአንድ ሰው ስሙን ጠርተን እንደውልለት። የተጠራም እሺ ይበል። መልእክቱን ያየ ሁሉ ደግሞ ያየሁት እኔ ብቻ ብሆንስ ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መዳም ጠርታን፣ ሥራ አጣድፎን መሄድ ባንችል፣ ማን እንደሄደ ሳናረጋግጥ አንተኛ። እኛም ይህችን እኅታችንን ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ዛሬም በዚሁ ፊት እንጠይቃታለን።

የአባታችን የአባ ሰላማ በረከታቸው ይደርብን፤ ስደታችንን ይባርክልን፤ ለአገራችን ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።