ሶፍያ ኮቫሌቭስካያና የሚሽከረከረው አካል

ፊዚክስ የሚማሩ ጓደኞቻችን ስለ ጠጣር አካላት መሽከርከር ሲከራከሩ እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ዝም ብለን እንሰማለን። ሆኖም በዚህ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ሁላችንንም የሚመለከት የአንዲት ተማሪ ሕይወት ስላለ በአጭሩ ልናቀርበው ወደድን።

ሶፍያ ኮቫሌቭስካያ በ1850 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሞስኮ ከተማ ተወለደች። አባቷ የመድፈኛ ጦር ጄኔራል ነበር። በገጠር ቤታቸው የልጆቹን ክፍል ግድግዳ ለመሸፈን የተገዛው ወረቀት ስላልበቃ፥ አባቷ በወጣትነቱ የተማረበት የከፍተኛ ሒሳብ ማስታወሻ ተለጠፈበት። ትንሿ ሶፍያም ትርጉሙ ሳይገባት ያን ሁሉ ምልክት ስታይ አደገች።

በዚያን ዘመን የሩስያ ዩኒቬርሲቲዎች ለሴቶች ዝግ ነበሩ፤ ያላገባች ልጅም ያለ አባቷ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር መሄድ አትችልም ነበር። ስለዚህ በ1868 ቭላዲሚር ኮቫሌቭስኪ ከተባለ ወጣት ምሁር ጋር ለስም ያህል ተጋባችና በተከታዩ ዓመት ሃይደልበርግ ገባች። በ1870 ወደ በርሊን ብትሄድ ዩኒቬርሲቲው ሴት አልቀበልም አላት። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ካርል ቫየርሽትራስ ግን ችሎታዋን ፈትኖ አራት ዓመት ለብቻዋ አስተማራት። በ1874 የጌቲንገን ዩኒቬርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ሰጣት። ይህን ይዛ አገሯ ስትመለስ የተገኘላት ሥራ በሴት ልጆች ትምህርት ቤት ለታችኛው ክፍል ቍጥር ማስተማር ብቻ ነበር። በ1883 ባሏ በዕዳ ተጨንቆ ሕይወቱን አጠፋ፤ እርሷም ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ቀረች። በዚያው ዓመት መጨረሻ የስዊድኑ ሊቅ ሚታግ ሌፍለር ጠርቷት ወደ ስቶክሆልም ሄደች፤ በ1884ም ፕሮፌሰር ተባለች።

ዝናዋን ከፍ ያደረገው ግን የመሽከርከር ጥያቄ ነው። በር ስንከፍት ከማጠፊያው ርቀን ብንገፋ ይቀለናል፤ ተጠግተን ብንገፋ ይከብደናል። አንድን አካል ለማዞር የኃይሉ መጠን ብቻ ሳይሆን ከመዞሪያው ያለው ርቀትም ይቈጠራል፤ ፊዚክስ የሚያጠኑት ይህን ቶርክ ይሉታል። በአንድ ነጥብ ተይዞ የሚሽከረከር አካል ሲያዘነብል የስበቱ ቶርክ አብሮ ይለዋወጣል፤ የሒሳቡ ችግር የሚመጣውም ከዚህ ነው። ኦይለር በገዛ ክብደቱ ማእከል ላይ የተያዘውን አካል ፈታ፤ በዚያ የስበት ቶርክ የለም። ላግራንዥ ደግሞ እንደ እንዝርት ዙሪያው እኩል ሆኖ የክብደቱ ማእከል በዘንጉ ላይ ያለውን ፈታ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሊቃውንት ሞክረው ደከሙ። ሶፍያ ሦስተኛውን አገኘች፤ ይኸውም የክብደቱ ማእከል ከዘንጉ ወደ ጎን የወጣ፥ በዚያ ዘንግ ዙሪያ መዞርን የሚቃወመው በሌሎቹ ሁለት ዘንጎች ዙሪያ ከሚቃወመው በግማሽ የሚያንስ አካል ነው።

በ1888 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ስለዚህ ሥራ የቦርዳን ሽልማት ሰጣት። ለውድድሩ ጽሑፍ የሚቀርበው ያለ ስም ነበር። ዳኞቹ ሥራውን እጅግ ስላደነቁት ሽልማቱ ከ3000 ወደ 5000 ፍራንክ ከፍ ተደረገ። በ1889 ፕሮፌሰርነቷ ቋሚ ሆነ፤ የሩስያ አካዳሚም በዚያው ዓመት በአባልነት ጻፋት፤ ነገር ግን በአገሯ የማስተማር ሥራ አላገኘችም። በየካቲት 1891 በሳንባ በሽታ ስቶክሆልም ላይ ስትሞት ዕድሜዋ 41 ዓመት ነበር።

በእኛ ዩኒቬርሲቲ ሴት አትግባ የሚል ሕግ የለም። ነገር ግን አንዲት እኅታችን ፊዚክስ ልታጠና ስትመርጥ ይከብድሻል ብለን የምንመክራት ከሆነ፥ ሕግ ያልዘጋውን በር እኛ በአፋችን ዘጋነው ማለት ነው። ያለ ስም የቀረበው ጽሑፍ አሸነፈ። ስሟ ተጽፎበት ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ይፈረድላት ነበርን? ይህን ጥያቄ ፊዚክስ የሚማሩትም የማይማሩትም ያስቡበት ዘንድ እንተዋለን።