ዋጋ ያልፈለገ መምህር፤ የቅዱስ ያሬድ ታሪክ

ቃለ እግዚአብሔርን ለሕዝብ የሚያስተምር ሰው፣ ንግግሩ ያማረ ድምፁም የጣፈጠ ቢሆን እንኳ፣ ስለ ምን ብሎ እንደሚያስተምር ራሱን መጠየቅ ይገባዋል። ለሆዱ፣ ለሹመትና ለምስጋና ብሎ የሚያስተምር አለ፤ ስለ እውነት ብሎ የሚያስተምርም አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ የኖረው ወንጌልን ያለ ዋጋ ለመስጠት ሲል ነበር። እኛ ግን የዚህን ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ ከደባርቅ በላይ የተዘረጋው የሰሜን ተራራ እንዲህ ያለ መምህር የኖረበት ነውና። እርሱም ቅዱስ ያሬድ ነው። ገድሉና ስንክሳሩ የተጻፉት ከዘመኑ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን የምናቀርበው አባቶች እንዳስተላለፉልን ነው።

ቅዱስ ያሬድ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን የአክሱም ጽዮን መምህር ነበር። ሕፃኑ ግን ትምህርት አልገባው ስላለ ብዙ ጊዜ ተገረፈ፤ በመጨረሻም ተማሮ ኮበለለ። በመንገድ ደክሞት ከዛፍ ሥር ባረፈ ጊዜ አንድ ትል ግንዱን ሲወጣ አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰባተኛው ወጣ። ያሬድም ይህን አይቶ ተመለሰ፤ መምህሩንም ይቅርታ ለምኖ ትምህርቱን እንደ ገና ጀመረ። የታሪኩ ጸሐፊዎች ይህን ያህል ታላቅ መምህር በልጅነቱ ትምህርት የማይገባው እንደ ነበረ አለመደበቃቸው ያስመሰግናቸዋል።

ካደገ በኋላ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉት 3 የዜማ ስልቶች የቤተ ክርስቲያንን ምስጋና አዘጋጀ። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት መጻሕፍት በእርሱ ስም ይጠራሉ። ድጓው ከዓመት እስከ ዓመት በየበዓሉ ተከፍሎ፣ ቃሉን ከብሉይና ከሐዲስ እየወሰደ የሚዜም ስለ ሆነ፣ ያሬድን ዘማሪ ብቻ ብሎ መጥራት አይበቃም፤ ዜማው ራሱ ስብከት ነው።

የዜማው ዝና ከንጉሡ ከዐፄ ገብረ መስቀል ዘንድ ደረሰ። አንድ ቀን ያሬድ በንጉሡ ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ጣዕም ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ፤ ያሬድ ግን ዜማውን እስኪፈጽም ድረስ አልተሰማውም። ልቡ ከንጉሡ ዘንድ ቢሆን ኖሮ የንጉሡ ጦር በተሰማው ነበር።

ንጉሡም ባየው ጊዜ ደነገጠ፤ ጦሩንም ነቅሎ፣ ስለ ፈሰሰው ደም ካሣ የሚወደውን ሁሉ እንዲለምነው ነገረው። ያሬድም አስቀድሞ እንዳይከለክለው አስማለው። በዚያ ሰዓት ርስት ቢለምን ርስት፣ ወርቅ ቢለምን ወርቅ ያገኝ ነበር። እርሱ ግን የለመነው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በገዳም እንዲኖር እንዲያሰናብተው ብቻ ነው። ንጉሡና መኳንንቱ እጅግ አዘኑ፤ ነገር ግን መሐላ ነውና ፈቀዱለት።

ይህን ያህል የሚወደድ መምህር ትቶ መሄዱ ስለ ምን ነው? እንደሚመስለን፣ ወርቅን እምቢ ማለት ከሁሉ የከበደው ፈተና አይደለም። በየቀኑ በንጉሥ ፊት እየተመሰገነ የሚዘምር ሰው፣ ለእግዚአብሔር ይዘምር ወይም ለምስጋናው ይዘምር እንደ ሆነ ቀስ በቀስ ራሱም መለየት ያቅተዋል። አባቶቻችን ይህን በሽታ ውዳሴ ከንቱ ይሉታል። ያሬድ በሽታው ሳይይዘው ከቦታው ራቀ። ሲሰናበትም በታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ አንቀጸ ብርሃን የተባለውን ምስጋና አደረሰ፤ የመሰናበቻው ዜማ ለንጉሥ አልነበረም።

ከዚያም ከአክሱም ተነሥቶ ተከዜን ተሻገረ፤ በጸለምት አድርጎ ወደ ሰሜን ተራራ፣ ደብረ ሐዊ ወደ ተባለው ስፍራ ወጣ። ይህ ከገብስ በቀር እህል እምብዛም የማይበቅልበት፣ ጓሳና ጅብራ የሞላበት፣ ሌሊቱ ውርጭ የሆነ አገር ነው። የሚያጨበጭብ መኳንንት የለበትም። ሆኖም ያሬድ ማስተማሩን አልተወም፤ የተወው መመስገኑን ነው። በዚያም በጾምና በጸሎት፣ ደቀ መዛሙርትንም በማስተማር ኖሮ፣ ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. ተሰወረ። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ በዚሁ ቀን ታስበዋለች።

እንግዲህ እኛ በዚህ ተራራ ግርጌ የምንማር ልጆች ይህን ታሪክ ለበዓል ብቻ ልናነበው አይገባም። ከመካከላችን ካህን፣ ሰባኪ፣ መምህር ወይም ሹም የሚሆን አይጠፋም። ያን ጊዜ የሚያዳምጠን ሕዝብ ይበዛ ይሆናል፤ ስጦታውና ጭብጨባውም ይከተላል። ይህ ሁሉ ቢቀርብን ያንኑ ቃል በዚያው ትጋት እናስተምር እንደ ሆነ ከዛሬ ጀምረን ራሳችንን እንጠይቅ። ያሬድ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው በቃል ሳይሆን ተከዜን ተሻግሮ ወደ አገራችን በመምጣቱ ነው።