ጥፋቱ የማን ነው? የዶክተር ኤድዋርድስ ዴሚንግ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የሕይወት ታሪካቸውን የምናነሣላችሁ ሰው ንጉሥ አልነበሩም፣ ጦርም አልመሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቆጥሩና ሲያሰሉ ኖረው፣ በቁጥራቸው ስንቱን ሠራተኛ ካልሠራው ጥፋት ነፃ ያወጡ ሰው ናቸው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናስታውስ። በጂዛን፣ በሳብያ፣ በአቡ አሪሽም ሆነ በሳምታ ዳቦ ቤት የሠራ ወንድም ይህን ሳያውቀው አይቀርም። ማታ አለቃው ደብተሩን ይገልጣል። ካንተ 200 ሳሙሊ 14 አረረ፣ ከጓደኛህ 200 ግን 8 ብቻ ይላል። ካንተ ደመወዝ ይቆረጣል፣ ጓደኛህ ይመሰገናል። በማግሥቱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና ተመስጋኙ ተወቃሽ ይሆናል። እንዴ! ምድጃው አንድ፣ ዱቄቱ አንድ፣ እርሾው አንድ። ታዲያ ልዩነቱ የመጣው ከእጃችሁ ነው ወይስ ከምድጃው? ይህ ጥያቄ በጭቅጭቅ ሳይሆን በሒሳብ የሚመለስ መሆኑን ለዓለም በሰፊው ካስተማሩት ሰዎች ዋነኛው ዶክተር ዊሊያም ኤድዋርድስ ዴሚንግ ናቸው።

ዴሚንግ የተወለዱት ኦክቶበር 14 ቀን 1900 በአሜሪካ አገር፣ በአይዎዋ ግዛት ሱ ሲቲ በምትባል ከተማ ነው። ገና ልጅ ሳሉ ቤተሰቡ መሬት ፍለጋ ወደ ዋዮሚንግ ተሰደደና ፓወል በምትባል አዲስ መንደር ሰፈረ። ኑሮው የድህነት ነበር። ቤታቸው ሬንጅ በተቀባ ወረቀት የተሸፈነ ጎጆ ነበር፤ በክረምት ብርዱ ዘልቆ ይገባል። እናታቸው ፒያኖ በማስተማር ቤቱን ይደጉሙ ነበር። ልጁም በሆቴል ማገዶ እያቀረበ፣ የመንደሩን የመንገድ መብራት እየለኮሰ ሳንቲም ያመጣ ነበር። እሳቸው ታዋቂ ከሆኑ በኋላም ብክነትን አጥብቀው ይጠሉ ነበር፤ እንዲህ ያደገ ሰው ቢጠላው አይገርምም።

በ1921 ከዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቁ። ከዚያ ኮሎራዶ፣ ቀጥሎም ዬል ገብተው በ1928 በማቲማቲካል ፊዚክስ ዶክትሬታቸውን ያዙ። ተማሪ ሳሉ በ1925 እና በ1926 የክረምት ዕረፍታቸውን ያሳለፉት ቺካጎ አጠገብ በነበረው የሆቶርን ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው የስልክ ዕቃ የሚሠራ ሲሆን፣ ከ40 ሺህ በላይ ሠራተኛ ያስተዳድር ነበር። ሠራተኛው በቁራጭ የሚከፈለው፣ ላቡ ጠብ የሚል፣ ከኋላው ተቆጣጣሪ የቆመበት ነበር። ዴሚንግ ያንን አይተው አልረሱትም።

የቤት ኑሯቸውም ሐዘን ያልነካው አልነበረም። የመጀመሪያ ባለቤታቸው አግነስ በ1930 ትንሽ ልጅ ትተው ሞቱ። በ1932 የሒሳብ ባለሙያ የነበሩትን ሎላ ሹፕን አገቡ፤ ከእሳቸውም ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

አሁን ወደ ሥራቸው እንምጣ። የዴሚንግ መምህር ሊባሉ የሚገባቸው ዶክተር ዋልተር ሹሃርት ናቸው። ሹሃርት ሜይ 16 ቀን 1924 ለአለቃቸው አንዲት ገጽ ማስታወሻ ጽፈው ሰጡ። በገጿ ላይ አንድ ግራፍ ነበረ፤ መካከል ላይ የአማካይ መሥመር፣ ከላይና ከታች ደግሞ የወሰን መሥመር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከማንኛውም ሥራ የሚወጣ ቁጥር ከቀን ቀን ይዋዥቃል። መዋዠቁ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሥራው አደረጃጀት የሚመጣ የተለመደ መዋዠቅ ነው፤ በወሰኖቹ መካከል ይቀራል። ሁለተኛው ያልተለመደ ምክንያት ያመጣው ነው፤ ወሰኑን ጥሶ ይወጣል። ያኔ ብቻ ዛሬ ምን ተፈጠረ ብሎ መፈለግ ይገባል።

ዴሚንግ ይህን ሐሳብ ተቀብለው ከፋብሪካ ውጭም አሠሩበት። በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ሲሠሩ፣ በ1940 ቆጠራ ተጨማሪ ጥያቄዎች ለሁሉም ሳይሆን ከሕዝቡ 5 በመቶ ለሚሆነው ብቻ እንዲቀርቡ የናሙናውን ዘዴ ካዘጋጁት መካከል ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ዘዴውን እንዲማሩ ኮርሶቹን አደራጁ፣ አስተማሩም። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን የአሜሪካ ፋብሪካዎች ያመረቱት ሁሉ ይሸጥላቸው ስለነበር ትምህርቱን እርግፍ አድርገው ተዉት። የጠገበ ሰው ምክር አይሰማም።

የተራበው ሰማ። ጃፓን በጦርነቱ ወድማ ነበር፤ ዕቃዋም በዓለም ገበያ የርካሽነትና የብልሹነት ምሳሌ ነበር። ዴሚንግ በ1947 ለቆጠራ ሥራ ወደ ጃፓን ሄዱ። በ1950 ደግሞ የጃፓን የሳይንቲስቶችና የመሐንዲሶች ማኅበር በሥራ አስኪያጁ በኬኒቺ ኮያናጊ በኩል ጋበዛቸው። በዚያ በጋ በቶኪዮ ከ200 በላይ መሐንዲሶችን ስምንት ቀን አስተማሩ። ግን አንድ ነገር አሳሰባቸው። አሜሪካ ውስጥ ትምህርቱ የከሰመው መሐንዲሶቹ ቢማሩም አለቆቹ ስላልተማሩ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ የትላልቅ ኩባንያዎች መሪዎች እንዲሰበሰቡላቸው ጠየቁ፤ ተሰበሰቡላቸውም። ጥራትን ማሻሻል ወጪን እንደሚቀንስ፣ ምክሩን ከተከተሉም በአምስት ዓመት ውስጥ ዓለም ዕቃቸውን እንደሚፈልግ ነገሯቸው።

የትምህርቱ ጽሑፍ በመጽሐፍ መልክ ሲሸጥ የደራሲነት ድርሻቸውን ለማኅበሩ በስጦታ ሰጡ። ማኅበሩም በ1951 በስማቸው የዴሚንግን ሽልማት አቋቋመ። በ1960 የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ኒሻን ተሸለሙ። እርግጥ ነው፣ ጃፓንን ያነሷት እሳቸው ብቻ አይደሉም። እንደ ካኦሩ ኢሺካዋ ያሉ የራሷ ምሁራንና ስማቸው የማይታወቅ ሠራተኞቿ ናቸው ሥራውን የሠሩት።

በገዛ አገራቸው ግን ለ30 ዓመት ያህል የሚሰማቸው አልነበረም። በዋሽንግተን በቤታቸው ምድር ቤት ባለች ቢሮ ሆነው ይሠሩ ነበር። በ1980 አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጃፓን የቻለችውን እኛ ለምን አቃተን የሚል ፕሮግራም ሲያቀርብ፣ አሜሪካኖች ሰውየው ጎረቤታቸው መሆናቸውን አወቁ። ያኔ ዕድሜያቸው 79 ነበር። በ1981 ፎርድ ጠራቸው፤ ሌሎችም ተከተሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እየዞሩ የአራት ቀን ትምህርት ሲሰጡ ኖሩ።

በትምህርታቸው ላይ ከሁሉ የታወቀው የቀይ ዶቃው ጨዋታ ነው። በሣጥን ውስጥ 3,200 ነጭና 800 ቀይ ዶቃ አለ። ስድስት ሰዎች በየተራ 50 ቀዳዳ ባለው ማንኪያ መሰል ዕቃ ይቀዳሉ። ቀይ ዶቃ ብልሽት ነው። ዴሚንግ አለቃ ሆነው ጥቂት ቀይ ያወጣውን ያመሰግናሉ፣ ብዙ ያወጣውን ይገሥጻሉ፣ ያባርራሉም። ሰዉ ይስቃል። ግን ምን ያድርግ ሠራተኛው? የሚቀዳውን ዶቃ መምረጥ አይችልም፤ ቀዩን ሣጥኑ ውስጥ የጨመረው እሱ አይደለም። ይህን ጨዋታ በዕረፍት ቀናችሁ በነጭና በቀይ ቦሎቄ ሞክሩት። ጎበዝ የምትሉት ሰው በሚቀጥለው ዙር ሰነፍ ሲሆን ታያላችሁ።

አሁን ወደ ዳቦ ቤታችን እንመለስ። ስልክህ ላይ ኤክሴል ካለ ይበቃል። በመጀመሪያው ዓምድ ቀኑን፣ በሁለተኛው ከ200 ሳሙሊ ያረረውን ጻፍ። የሁሉንም ሠራተኛ ቁጥር አስገባ፤ ቢያንስ የ20 ቀን ይሁን። በአቨሬጅ ፎርሙላ አማካዩን አውጣ፤ 10 መጣ እንበል። 10 ለ200 ሲካፈል 0.05 ነው፤ ያላረረው ደግሞ 0.95 ይሆናል። 10ን በ0.95 አባዛው፤ 9.5 ነው። የዚህን ስኩዌር ሩት ኤክሴል ያወጣልሃል፤ 3.08 ገደማ ነው። በ3 ስታባዛው 9.25 ያህል ይሆናል። ይህን ከ10 ላይ ብትደምር 19.25፣ ብትቀንስ 0.75። የላይና የታች ወሰንህ እነዚህ ናቸው። ቁጥሮቹን በመሥመር ግራፍ ሣላቸው።

እንግዲህ ፍርዱን ስማ። ያንተ 14ም የጓደኛህ 8ም በወሰኑ ውስጥ ናቸው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ አንዱን መቅጣት ሌላውን ማመስገን ቀይ ዶቃ ላወጣ ሰው ደመወዝ እንደ መቁረጥ ነው። አንድ ቀን 23 ቢያርር ግን ወሰኑ ተጥሷል፤ ጋዙን፣ እርሾውን፣ የሠራውንም ሰው መጠየቅ ተገቢ ነው። ደግሞ የአንድ ሰው ቁጥር ሳያቋርጥ ስምንት ቀን ከአማካዩ በላይ ከዋለ፣ ወሰኑን ባያልፍም ምክንያት አለውና ይታይ። ሒሳቡ ለሠራተኛ አያዳላም፣ ለአለቃም አያዳላም።

አንድ ነገር አትርሱ። ቁጥሩ በወሰን ውስጥ ነው ማለት ሥራው ጥሩ ነው ማለት አይደለም። በየቀኑ ከ200 አሥር ማረሩ ኪሳራ ነው። ይህን ለመቀነስ ምድጃው፣ ዱቄቱ፣ የሥራው ሰዓት መለወጥ አለበት፤ ይህ ደግሞ በሠራተኛው ሥልጣን ሥር ያለ አይደለም። ዴሚንግ በራሳቸው ግምት ከችግሮች 94 በመቶው የአሠራሩ፣ ማለትም የኃላፊዎች ድርሻ ነው ይሉ ነበር። ግምት ነው፤ ተለክቶ የተገኘ ቁጥር አይደለም። መልእክቱ ግን ግልጽ ነው። ሠራተኛን ከማስፈራራት አሠራሩን ማረም ይሻላል፤ የፈራ ሠራተኛ ቁጥር ይደብቃልና።

ዶክተር ዴሚንግ ሎላን በ1986 አጡ። እሳቸው በ93 ዓመታቸው ዲሴምበር 20 ቀን 1993 ዐረፉ። እስከዚያው ወር ድረስ ደክመውም ቢሆን ያስተምሩ ነበር።

ትምህርታቸው የረዳው የጃፓን አሠራር እኛም አገር ደርሷል። በ2008 የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የጃፓንን መንግሥት ድጋፍ ጠይቀው፣ ካይዘን በ30 ፋብሪካዎች ከተሞከረ በኋላ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ በየማታው የምትሞሉት ሠንጠረዥ አገር ቤት ስትገቡም የሚያስቀጥር ሙያ ነው።

እስከዚያው ግን ደብተር ያዙ። የራሳችሁን ቁጥር በራሳችሁ እጅ በየቀኑ መዝግቡ። ግራፉን ለአለቃ ስታሳዩ በቁጣ ሳይሆን በትሕትና፣ ይህ ብልሽት እንዲቀንስ ምን እናድርግ ብላችሁ ይሁን። ይሰማል ብለን ቃል አንገባም፤ ዴሚንግም ለመሰማት 30 ዓመት ጠብቀዋል። ነገር ግን የተቆረጠብህ ደመወዝ ጥፋትህ እንዳልነበረ በሒሳብ ማወቅ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ማታ ስትተኛ ራስህን አትወቅስም።