ለመብረር ኮረብታ የሠራው ሰው

በሰሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳይደንቀው አይቀርም። ንስርና ጥንብ አንሳ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ከገደሉ ፊት ለፊት ወደ ላይ ይወጣሉ። የደባርቅ እረኛ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያየዋል። እኛ አይተን ያለፍነውን እንደ ትምህርት ቆጥሮ ዕድሜውን የሰጠለት ሰው ግን በሩቅ አገር ተወለደ። ስሙ ኦቶ ሊሊየንታል ይባላል። ዛሬ ወጣቶቻችን በስልካቸው የሚያዩዋቸው፣ ከኮረብታ ላይ ፓራሹት ዘርግተውና ሮጠው የሚነሱ ሰዎች ሁሉ የእርሱ ደቀ መዛሙርት ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሊሊየንታል እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 1848 በፕሩሺያ ግዛት አንክላም በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ሞቱበት። ከታናሽ ወንድሙ ከጉስታቭ ጋር ሜዳ ወጥተው ሽመላዎችን ሲመለከቱ ይውሉ ነበር። ሽመላ ነፋሱን ከኋላዋ አድርጋ ሳይሆን ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ እንደምትነሳ ያስተዋሉት በዚያን ጊዜ ነው። የአውሮፓ ሽመላ ብርዱን ሽሽት በሱዳንና በኢትዮጵያ በኩል ወደ ደቡብ ታልፋለችና፣ የእርሱ አስተማሪ ለእኛም እንግዳ አይደለችም።

በበርሊን ምሕንድስና ተማረ። በ1870 በተጀመረው የፕሩሺያና የፈረንሳይ ጦርነት ዘመተ። በ1883 የእንፋሎት ሞተርና ቦይለር የሚሠራ ፋብሪካ በበርሊን ከፈተ፤ በኋላም ከትርፉ 25 በመቶውን ለሠራተኞቹ ማካፈል ጀመረ። እንጀራው ከፋብሪካው ነበር፤ ልቡ ግን ከወፎቹ ጋር ነው። ለዓመታት የክንፍን ቅርጽና የአየርን ግፊት ሲለካ ቆይቶ ውጤቱን በ1889 በመጽሐፍ አሳተመ። ልብ በሉ፣ እስከዚያ ድረስ አንድም ጊዜ አልበረረም። መጀመሪያ ለካ፣ ቀጥሎ ጻፈ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኮረብታ የወጣው።

ሲወጣም ከትልቁ አልጀመረም። ከአኻያ እንጨትና ከጥጥ ጨርቅ የሠራውን ክንፍ ይዞ በቅድሚያ ከዝቅተኛ መዝለያ ላይ ተለማመደ። በ1891 ፖትስዳም አጠገብ ደርቪትስ በተባለ መንደር ወደ 25 ሜትር ያህል ተንሳፈፈ። በ1893 በሪኖ ኮረብቶች እስከ 250 ሜትር ደረሰ። በ1894 ደግሞ ከበርሊን ወጣ ብሎ በሊሽተርፌልደ 15 ሜትር ከፍታ ያለው ክብ ኮረብታ አስከመረ። ኮረብታው ክብ የሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነፋስ ከየትም አቅጣጫ ቢመጣ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ መነሳት እንዲችል ነው። ነፋሱን ማዘዝ ስለማይቻል ኮረብታውን ለነፋሱ አመቻቸ። በዚያው ዓመት ከከፍታ ሲወድቅ ሕይወቱን ያተረፈችው ራሱ ከክንፉ ፊት የገጠማት የአኻያ ቅስት ናት፤ እርሷ ተሰብራ እርሱ ዳነ።

ወደ 2 ሺህ ጊዜ ያህል በረረ። ሁሉም ሲደመር በአየር ላይ የቆየው ግን ወደ 5 ሰዓት ብቻ ነው። የአድዋ ድል 5 ወር እንዳለፈው፣ ነሐሴ 4 ቀን 1888 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1896) ሽቶለን በሚባል መንደር አጠገብ ከጎለንበርግ ኮረብታ ተነሳ። ድንገተኛ አየር የክንፉን ፊት ወደ ላይ ቀና አደረገበት። እንዲህ ሲሆን ክንፍ ፍጥነቱን ያጣል፤ አየሩም መሸከሙን ይተዋል። የሚቆጣጠረው ሰውነቱን ወዲያና ወዲህ በማወዛወዝ ብቻ ነበርና ሊያስተካክለው አልቻለም። ከ15 ሜትር ገደማ ወድቆ አንገቱ ተሰበረ፤ በማግስቱ በርሊን ውስጥ በ48 ዓመቱ አረፈ።

ታዲያ ጥንቃቄው ሁሉ ከንቱ ነበር? አልነበረም። የለካውን ሁሉ ጽፎ፣ በረራውን በፎቶግራፍ አስቀርጾ ትቶ ነበር። አሜሪካውያኑ የራይት ወንድማማቾች የሞቱን ዜና ሰምተው ሥራውን መረመሩ፤ የጎደለው መቆጣጠሪያ መሆኑን ተረድተውም በ1903 በሞተር በረሩ። በ1978 ደግሞ ሚዩሲ በተባለች የፈረንሳይ መንደር ሦስት ሰዎች ፓራሹታቸውን ኮረብታ ላይ ዘርግተው፣ በሩጫ ሞልተው ተነሱ። በዚያው ዓመት የሰሜን ተራሮች ፓርካችን በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ይህን ያነሳሁት አንድ ቀን በእኛም ደጋ ይህን የሚሞክር ወጣት መምጣቱ ስለማይቀር ነው። የሊሊየንታል ኮረብቶች ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አይሉም። ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ያው ክንፍ እዚህ እንዲነሳ አንድ አሥረኛ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሲያርፍም በዚያው ልክ ይፈጥናል። ደባርቅና ከዚያ በላይ ደግሞ ይብሳል። ፀሐይ ገደሉን ካሞቀች በኋላ እኩለ ቀን ላይ ሽቅብ የሚነሳው አየር ንስርን ደስ ያሰኛል፤ ጀማሪን ግን ይገድላል።

ሕግ ስንማር ጥንቃቄ ማለት ፍርሃት ማለት እንዳልሆነ ተምረናል፤ ሊደርስ የሚችለውን አስቀድሞ ማየት ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አሠልጣኝና ፈቃድ ይኑር። ቀጥሎ ቢወድቁበት የማይጎዳ፣ ድንጋይና ገደል የሌለበት ለስላሳ ተዳፋት ይመረጥ። ማለዳ፣ ለዘብ ባለ ነፋስ፣ ፊትን ወደ ነፋሱ አድርጎ ይሞከር። ገመዶቹ አለመጠላለፋቸው ይታይ፤ ፓራሹቱ ሞልቶ ከራስ በላይ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ሩጫው ይቋረጥ። ማቋረጥ ነውር አይደለም። ገደሉ የትም አይሄድም፤ ሺህ ጊዜ ከትንሿ ኮረብታ የተነሳ ሰው ሲደርስ እዚያው ይጠብቀዋል።