ሻምበል አበበ ቢቂላ በበረዶ ላይ

በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ የምንኖር ሁሉ በረዶን የምናውቀው ከሰማይ ወርዶ ሰብላችንን ሲመታ ነው። በላዩ ላይ እየተንሸራተቱ መወዳደር ለእኛ እንግዳ ነገር ነው። ሆኖም በዚሁ ውድድር አንድ ኢትዮጵያዊ አሸናፊ ሆነዋል፤ እርሳቸውም ሻምበል አበበ ቢቂላ ናቸው።

በ1924 ዓ.ም. በጃቶ የተወለዱት እኚህ የክብር ዘበኛ ወታደር፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግራቸው፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀታቸውን በቀዶ ሕክምና ካስወጡ ከ40 ቀን ባነሰ ጊዜ በቶኪዮ የማራቶንን ድል እንደ ተቀዳጁ የማያውቅ የለምና በዚህ አንዘገይም።

በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. ይነዷት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወስደው ስምንት ወር ታከሙ። እጆቻቸው ዳኑ፤ ዓለም ያደነቃቸው እግሮች ግን ዳግመኛ አልተንቀሳቀሱም። ድሉንም አደጋውንም እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ መቀበላቸው ይታወቃል።

በዚያ ሆስፒታል ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ አካለ ስንኩላንን በስፖርት ያወዳድሩ ነበር። ሕመምተኛው በአልጋው ላይ ተስፋ ቆርጦ፣ ከሰው ተለይቶ እንዳይቀር ጨዋታ እንደ መድኃኒት ይታዘዝለት ነበር። ሻምበል አበበም ቀስት መወርወርን ተማሩና በ1962 ዓ.ም. በዚያው ተወዳደሩ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ቢጠሩም ተመልካች ሆነው መቀመጥን አልወደዱም። በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተጉዘው በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ አንደኛ ወጡ።

ይህን ስናነብ የከተሞቻችን አረጋውያን ትዝ ይሉናል። ጡረታ ሲወጡ፣ ልጆች ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ ጉልበትም ሲከዳ ብዙዎች ከቤት መውጣት ይተዋሉ። እኛም ለእነርሱ ያዘንን መስሎን ተቀመጡ፣ ዕረፉ እንላቸዋለን፤ ይህ ግን ሁልጊዜ ደግነት አይመስለንም። ለጉልበታቸው ብለው ወደ አምቦ ፍል ውኃ የሚመጡ አባቶችና እናቶች ከታጠቡ በኋላ ቶሎ አይሄዱም፤ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ። የትኛው ይበልጥ እንደሚያድናቸው ማን ያውቃል?

ሻምበል አበበ እስከ እርጅና አልደረሱም። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ሲታዩ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበላቸው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በአዲስ አበባም በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ።